በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ጸሎት

የሌሎች ልጆች አባቶች ብር ለማግኘት ይሠሩ ነበር፤ የእኔ አባት ግን ብሩን ራሱን ይሠራ ነበር። ይህንን ትምህርት ቤት ስናገር ማንም አላመነኝም። «ታዲያ ጫማሽን ምን ቀደደው?» አለችኝ አንዲት ልጅ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ቤት ገብቼ እናቴን ብጠይቃት ሳቋ አመለጣት፤ የምትፈትገውን ድስት አስቀምጣ ሳቀች።

«አባትሽ ያትማል እንጂ አይወስድም» አለች። «ዳቦ ጋጋሪ ሁሉ ጠግቦ የሚያድር መሰለሽ?»

አባቴ በገንዘብ ማተሚያ ቤት ቀለም አመጣጣኝ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ከከተማው ዳር፣ አጥሩ ከዛፍ የሚረዝም፣ በመንገድ በኩል አንድም መስኮት የሌለው ሕንፃ ነው። ሠራተኞቹ ሲወጡ በር ላይ ይፈተሻሉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ያራግፋሉ። ኪስ ያለው ልብስ ለብሶ መግባት ክልክል ስለነበር፣ ቱታውን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ልሙጥ አድርጋ የምትሰፋለት ታላቅ እህቱ ነበረች። ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» ይላታል፤ እኔም አክስቴ መሆኗን እያወቅሁ «እትዬ» እያልኩ አደግሁ።

እትዬ ለትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ትሰፋለች። እናታቸው ስትሞት አባቴ ገና ድክድክ የሚል ልጅ ነበር ይባላል፤ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ሥራ አስገብታ፣ ድራው ነው አረፍ ያለችው። ራሷ አላገባችም። ለምን ብሎ የጠየቃት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። የስፌት መኪናዋን በመዳፏ መታ መታ ታደርግና፣ «ባሌ ይኸው! ያጉረመርማል እንጂ አይማታም» ትላለች።

የምትኖረው በኪራይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። አልጋው፣ የስፌት መኪናው፣ የጨርቁ ክምር፣ እሷ። እኔ ስጨመር መተንፈሻ አይኖርም። ምኞቷ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አከራይ የማያስልበት ቤት» ትለዋለች። አከራይዋ ኪራይ ሊጠይቁ ሲመጡ አይጣሩም፤ ደጅ ቆመው ያስላሉ።

በመንገዳችን ጫፍ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለሽያጭ ወጣ። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ጠቅልለው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። የጠየቁት ዘጠኝ ሺህ ብር ነበር። እትዬ ደግሞ ዕድሜ ልኳን በመርፌ ቀዳዳ ያሾለከችው ዘጠኝ ሺህ ብር ነበራት።

አባቴ እኔን ይዞ ወደ እሷ የሄደው በዚያው ሰሞን ነው። ካውያው ግሏል፤ ክፍሉ በእንፋሎትና በአዲስ ጨርቅ ሽታ ታፍኗል።

«ነገ ቀብድ ልሰጣቸው ነው» አለች እትዬ።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ትንሽ አትታገሺም?»

«ምኑን ነው የምታገሠው? ኮረዳ አይደለሁ።»

«ለአምስት ዓመት የማይነካ ገንዘብ ላስቀመጠ ባንኩ በየዓመቱ ከመቶው ስምንት ወለድ ይሰጣል። ወለዱም መልሶ ይወልዳል። ያኔ ሁለት ክፍል ሳይሆን ሦስት ክፍል ከነበረንዳው ትገዢያለሽ። ለጨርቅሽ አንድ፣ ለራስሽ አንድ፣ ለእንግዳ አንድ።»

«እንግዳዋ እኔ ነኝ!» አልኩ።

«እኔ እንጃ» አለች እትዬ ካውያውን እየገፋች። «እኔ ግድግዳ በእጄ ብዳስስ ይሻለኛል። ወረቀት ያው ወረቀት ነው።»

የአባቴ ፊት ተለዋወጠ፤ የተሰደበ ያህል። ከሸሚዙ ኪስ አንድ ብር አወጣና ጆሮዬ ሥር አድርጎ በሁለት ጣቱ ወጠር ለቀቅ አደረገው። «ሰማሽ? ይጮኻል» አለኝ። ከዚያ እትዬ ጨርቅ የምታርስበት ሳህን ውስጥ ነከረው፤ አሸው፤ እንደ መሐረብ ጠምዝዞ ጨመቀው። ብድግ ብሎ ካውያውን ከእጇ ተቀበለና ተኮሰው። ብሩ ከካውያው ሥር ሲወጣ ቀለም አልለቀቀም፤ ጠርዙም አልተላጠም። ወደ አምፖሉ አንስቶ ወረቀቱ ውስጥ የተደበቀውን ምስል አሳያት።

«ይህንን ነው ወረቀት የምትዪው? ሰማይ ቢደፋ ይቺ አትቀደድም። እኔ ነኝ የሠራኋት እኮ እትዬ! የኔን እጅ ካላመንሽ የማንን ልታምኚ ነው?»

እትዬ ብሩን ተቀብላ በጉንጯ ነካችው። ገና ትኩስ ነበር።

«አንተን ካላመንኩማ ማንን አምናለሁ» አለች።

አባቴ አልዋሸም። ያቺ ወረቀት በእርግጥም አልተቀደደችም። ጫማ ጠራጊው ቢሆን ይህን ስህተት አይሳሳተውም፤ አትክልት ሻጯም አትሳሳተውም፤ ብር ምን ያህል እንደሚያቆያቸው ያውቁታል። ዕድሜውን ሙሉ የወረቀት ጥንካሬ ሲለካ የኖረ ሰው ብቻ ነው፣ የብር ጉልበት በወረቀቱ ነው ብሎ እህቱን የሚመክር።

እትዬ ገንዘቧን ባንክ አስገባች። ሁለቱን ክፍሎች የሰፈራችን ጣውላ ነጋዴ ገዛቸው። ሳቂታ፣ እጁ ሰፊ ሰው ነበር፤ ለኛ ለልጆች ለአሻንጉሊት ፀጉር የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ በኩባያ እየሞላ ይሰጠናል። የገዛበትን ገንዘብ ከባንክ መበደሩን ለአባቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ። በዚያ ዕድሜዬ መበደር ማለት የድሃ ሰው ነገር ስለሚመስለኝ አዘንኩለት። እትዬ ሀብታም ናት፣ ጣውላ ነጋዴው ምስኪን ነው ብዬ ነው ያሳለፍኩት።

መጀመሪያ የተወደደው ስኳር ነበር። ቀጥሎ ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ክሩ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሉን መሬት ላይ ዘጭ ታደርግና፣ «ብር እኮ አልበቃ አለ!» ትላለች። ጎረቤትም ይህንኑ ይላል፤ የሱቁ ሰውዬም ይህንኑ ይላል። እኔ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ተቀበልኩት። ብር አልበቃም ማለት አባቴና ጓደኞቹ በቂ አላተሙም ማለት ነው። ወይ ማሽኑ ደክሟል፣ ወይ ቀለም አልቋል።

እናቴ ሳትተኛ ጸልዪ ትለኛለች። እኔም ለእትዬ ቤት፣ ለእናቴ ዘንቢል፣ ለሰው ሁሉ የሚሆን ጸሎት አገኘሁ። «ፈጣሪዬ ሆይ፣ የአባቴን ማሽን አበርታልን። ብዙ ብር ያትም፤ ለሁሉም ይብቃ። አሜን።» ከልቤ ነበር የምጸልየው። ከዚያ በኋላ እንደዚያ አድርጌ የጸለይኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጸሎቴም ተሰማ። ማተሚያ ቤቱ ሦስት ፈረቃ ሆነ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ፣ ጥፍሩ ሥር ሐምራዊ ቀለም ይዞ ይመጣል። ደመወዙም ጨመረ፤ ትርፍ ሰዓትም ይከፈለዋል። እኔማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ደግሞም ሀብታም መሆናችን በዓይን የሚታይ ነበር። ደመወዝ በተቀበለ ዕለት እናቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ሱቅ ትሮጣለች፤ አልጋችን ሥር ሳሙና እንደ ጡብ ተደርድሯል፤ ቁም ሳጥኑ በስኳር ተሞልቷል።

«ሰርግ አለን እንዴ?» አልኳት።

«አዎ፣ የሳሙና ሰርግ» አለችኝ። «ዛሬ ያልገዛሁትን ነገ በዚህ ብር ማን ይሰጠኛል?»

ዛሬ እኔ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ፀጉሩን የሚታጠብ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያወራል፤ እኔ እሰማለሁ። ትምህርቴን አልገፋሁም፤ የማውቀውን ያህል ያወቅሁት በመስማት ነው። ደንበኞቼ ከሆኑት አንዷ በዕድሜ የገፉ፣ ከትልቁ ባንክ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ገንዘብ ይታተም አይታተም የሚባልበት መሥሪያ ቤት ማለት ነው። አንድ ቀን ራሳቸውን እያሸሁ የአባቴን ሥራና አክስቴ ባንክ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«አባትሽ እጅ ነበሩ፤ እኛ አፍ ነበርን» አሉ። «ልጄ፣ ገበያው ውስጥ ያለው ስኳር ያው የአምናው ነው እንበል። ስኳሩን የሚያሳድደው ብር ግን እጥፍ ቢሆን ምን ይመጣል? ስኳሩ አልከበደም፤ ብሩ ነው የቀለለው። ያኔ መንግሥት ከሚሰበስበው ግብር በላይ ያወጣል፤ የጎደለውን ከኛ ይበደራል፤ እኛ ደግሞ አትሙ እንላለን።»

«ወለዱስ?» አልኩ። «ለአስቀማጭ የሚሰጠው ወለድ?»

«ወለድ የገንዘብ ኪራይ ነው። ገንዘብ እንዲያ ሲረክስ ኪራዩ ከፍ ማለት ነበረበት። አለዚያ አስቀማጭ ይከስራል፤ ተበዳሪ ይፈነጥዛል። ባንኩ ለአክስትሽ ስምንት ሲሰጣት ገበያው ስልሳ ይወስድባታል። ኪራይ ተቀባይ ሳትሆን ከፋይዋ እሷ ነበረች በይው።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ከፍ አላደረጋችሁትም?»

«መንግሥትም ተበዳሪ ነበራ!» አሉና ሳቁ። ውሃው ጆሯቸው እንዳይገባ ጭንቅላታቸውን በእጄ ደግፌ ይዣለሁ። ምን ላድርግ? በደንብ አለቀለቅኋቸው።

እትዬ እኛ ቤት የገባችው በሦስተኛው ዓመት ነው። የደንብ ልብስ ዋጋ የሚነገረው ጨርቁ ሲቆረጥ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ልብሱ ሲያልቅ ነው። በመካከሉ ክሩ ይወደዳል፤ ቁልፉ ይወደዳል። «ሰፍቼ ሰፍቼ ስጨርስ የክሩን ዋጋ እንኳ አላገኘሁትም» ትል ነበር። አከራይዋ ድሮ በወር አንዴ ያስሉ የነበሩት በሳምንት ማሳል ጀመሩ። በመጨረሻ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና መጣች። የኮሪደራችንን ጫፍ እናቴ በመጋረጃ ከለለችላት።

«ለጥቂት ጊዜ ነው» አለች እትዬ፣ መሬት መሬት እያየች።

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ፣ የራስዎ ቤት አይደል?» አለች እናቴ።

እኔ ዘለልኩ። ናፍቄያት የመጣች ነበር የመሰለኝ። እንግዳዋ እኔ እሆናለሁ ስል እሷው እንግዳ ሆና መጣችልኝ፤ ምን ልዩነት አለው?

በዚያው ሰሞን አዲስ ብር ወጣ። ዜሮው የበዛ፣ ጠርዙ በወርቃማ ቀለም የተዋበ። አባቴ ስለ ሥራው ቤት ውስጥ አንድም ነገር አይተነፍስም፤ ለወራት ጥፍሩ ሥር ያየሁት ወርቃማ ቀለም ግን ከየት እንደመጣ ገባኝ። ሱቅ ተልኬ በመልስ ሲሰጡኝ እየበረርኩ ለእትዬ ወሰድኩላት።

«እዪው! አባዬ የሠራው ነው!»

እትዬ ከመነጽሯ በላይ አየችው። ገለበጠችው። በጣቷም ወጠር ለቀቅ አደረገችው፤ ጮኸ።

«ያምራል» አለች። «እጁ ወርቅ ነው።» ከዚያ ጨርቋ ላይ አጎነበሰች።

አባቴን ስታናግረው ግን መጋረጃው ድምፅ አያግድም።

«ላውጣው» ትላለች። «አሁኑኑ ላውጣውና የሆነ ነገር ልያዝበት። ቆርቆሮም ቢሆን።»

«እትዬ፣ ከጊዜው በፊት ካወጣሽው ወለዱን በሙሉ ታጪያለሽ። ሦስት ዓመት ታግሠሽ?»

«ወለዱ ለክር አይበቃም እኮ!»

«ይረጋጋል። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ትንሽ ታገሺኝ።»

ዝም አለች። ዝምታዋን እሺ ማለት ነው ብዬ ተረዳሁት፤ እሱም እንደዚያው። እናቴ ግን ጓዳ ውስጥ ለራሷ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ደግሞ ቆጥ ላይ ያሳያት ማን ሆነና» ስትል ሰማኋት። ቆጥ የሌለበት ቤት ውስጥ ምን እንደምታወራ ግራ ገባኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ብቻዋን ነበረች። መጋረጃው ገርበብ ብሏል። ሥራዋን አቁማ፣ ሁለት እጇን መኪናው ላይ ዘርግታ ትጸልያለች። ድምፅዋ ዝቅተኛ ቢሆንም ከጆሮዬ አላመለጠም።

«ጌታዬ፣ ያንን ማሽን አቁመው። እባክህ አቁመው። እሱን ሳትነካ ማሽኑን አቁመው።»

ቦርሳዬን እንደያዝኩ በድን ሆንኩ። እኔ አበርታው እላለሁ፤ እሷ አቁመው ትላለች። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ስለ አንድ ማሽን፣ ሁለት ጸሎት ወደ ላይ ይወጣል። ፈጣሪ የማንን ይሰማል? እሷ ትልቅ ሰው ናት፤ ጸሎቷም ይረዝማል። በዚያ ቀን ጸሎቴን ሦስቴ ደጋገምኩ።

ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ሬዲዮው ተናገረ። ምሳ ላይ ነበርን። ዜና አንባቢው ሰውዬ የሚለው ነገር ለኔ እንደ ዝናብ ድምፅ ነው፤ «የወለድ መጠን» አለ፣ «ከመቶ አርባ» አለ፣ «የገንዘብ ዝውውሩን ለመግታት» አለ። አባቴ የጎረሰውን ሳያላምጥ ቀረ።

«አርባ?» አለች እትዬ። ፊቷ ወለል ብሎ በራ፤ ያን ጊዜ ገና ቆንጆ እንደነበረች አየሁ። «የኔም አርባ ይሆናል ማለት ነው?»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አዲስ ለሚያስቀምጥ ነው፣ እትዬ። ያንቺ የድሮ ውል ነው። ስምንት ነው።»

«የድሮው ብር የኔ፣ የድሮው ወለድ የኔ፤ አዲሱ ዋጋ ብቻ ነው የሁላችንም?»

እናቴ ሬዲዮውን ዘጋችው።

ወር አልሞላም፣ ሦስተኛው ፈረቃ ቀረ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ከዚያ አንድ ጠዋት አባቴ ቱታውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በሥራ ሰዓት ቤት መጣና ተቀመጠ። ማሽኑ ቆመ ማለት ነው። እትዬ አሸንፋኛለች።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁባት። «ጸሎትሽን መልሺው!» አልኳት። «ሰምቼሻለሁ። አባዬን ከሥራ አስወጣሽው። አሁኑኑ መልሺው!»

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። መርፌውን ከአፏ አወጣች፤ ደረቷ ላይ ሰካችው።

«የኔ ልጅ» አለች፣ «የኔ ጸሎት የሚሰማ ቢሆን ኖሮ ድሮ፣ ካውያውን ከእጄ ሳይቀበለኝ በተሰማ።»

አልገባኝም። ያኔ ማንም ሰው ቢነግረኝ የሚገባኝ አልነበረም።

ከባንክ ጡረታ የወጡትን ደንበኛዬን ስለዚያ የሬዲዮ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። ፀጉራቸውን እየጠቀለልኩ ነበር።

«ውሳኔው ሲወሰን እዚያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ» አሉኝ። «ሻይ ቀርቦልን ነበር። ተከራከርን፤ ደከመን፤ ፈረምን። ሌላ መንገድ አልነበረም። የገንዘብን ኪራይ ስትሰቅዪው የሚበደር ይጠፋል፤ ያለው ይዞ ወደ ባንክ ይሮጣል፤ መንግሥትም እጁን ይሰበስባል፤ እኛም ማተሙን ቀነስን። ዋጋ ቆመ።»

«ቆመ እንጂ አልወረደማ?»

«አይወርድማ፤ ቆመ ነው ያልኩሽ። የሚሮጥ መኪና ስታቆሚው ወደ ኋላ አይመለስም።» ከአንገታቸው የወረደውን ፎጣ አስተካከሉ። «ዋጋውን አዳንነው» አሉ።

«እትዬንስ?» ማለት ፈለግሁ። መስታወቱ ውስጥ ሲያዩኝ አየኋቸው። ጠቀለልኩ፣ ሰካሁ። አሮጊት ናቸው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ፍርዱን ለማን እንደምተው አውቃለሁ።

አምስቱ ዓመት ሞላ። እትዬ ጥቁር ቀሚሷን ተኩሳ ለበሰች፤ አባቴ ኮቱን አደረገ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ባንኩ እንደ ጤና ጣቢያ ጸጥ ያለና መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ነበር። ገንዘብ ከፋዩ ሁለት እስር አዲስ ብር በመስኮቱ ሥር ገፋላት። ከአሥራ ሦስት ሺህ ጥቂት ይበልጣል። ብሩ ጠርዙ ወርቃማ ነበር። አባቴ ቀለሙን አየና ዓይኑን ሰበረ።

ከባንኩ ወጥተን በቀጥታ ወደ መንገዳችን ጫፍ አመራን። ሁለቱ ክፍሎች ተከራይ ለቆባቸው ቀለም እየተቀቡ ነበር። ጣውላ ነጋዴው ደጁ ላይ ቆሞ ሠራተኞቹን ያዛል። ያንን ሁሉ ብድር በሁለት መኪና ጣውላ ዋጋ ከፍሎ ከተገላገለው ቆይቷል፤ ይህን ራሱ ነው ለአባቴ እየሳቀ የነገረው። ሌላም ሦስት ቤት ገዝቷል።

«እትዬ! ምነው አምሮብዎታል ዛሬ?» አላት።

«ቤቱን ልትሸጠው ነው የሚል ወሬ ሰማሁ።»

«ለርስዎ ካልሸጥኩ ለማን ልሸጥ። ሌላውን መቶ ሠላሳ ብዬዋለሁ፤ ለርስዎ መቶ ሃያ ሺህ።»

እትዬ ሁለቱን እስር ከቦርሳዋ አወጣች። ጣውላ ነጋዴው ዓይቶ ገመተ፤ ነጋዴ ነው፣ መቁጠር አያስፈልገውም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን በሳቅ ለማለፍ ነው የሞከረው።

«እንዴ እትዬ! በዚህማ በሩን ነው የምሸጥልዎት!»

ቀለም ቀቢዎቹ ከመሰላሉ ላይ ሳቁ። አባቴም ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

«ስንት ነው?» አለች እትዬ።

«ምኑ?»

«በሩ።»

«ቀልዴን ነው እኮ፣ እመቤቴ…»

«እኔ አልቀለድኩም። እንጨት አይደል የምትሸጠው? ዋጋውን ንገረኝ።»

ጣውላ ነጋዴው አባቴን አየ። አባቴ መሬት ያያል። ከዚያ እንግዲህ ልማድ ሆኖበት ይሁን ሌላ፣ በሩን በጣቱ አጥንት አንኳኳው፤ ውፍረቱን በአውራ ጣቱ ለካ፤ ማጠፊያውን አየ። «ጠንካራ እንጨት ነው፤ የድሮ ሥራ» አለ። «ከነመቃኑ፣ ከነቁልፉ አሥራ ሁለት ሺህ።» ሐቀኛ ዋጋ ነበር። በዚያ ሰሞን ገበያ ብትሄድም ከዚያ በታች አታገኝም።

«ንቀለው» አለች።

«እትዬ፣ ምን ነካሽ?» አለ አባቴ። «እትዬ፣ እባክሽ። ሌላ ነገር እንፈልጋለን። ጥቂት ብት—»

ዞር ብላ አየችው። «ታገሺ» የሚለው ቃል አፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ነቀሉት። ሁለት ሰዎች ተሸክመው ጋሪ ላይ ጫኑት። እሷ በሩ ላይ እጇን አሳርፋ ከጋሪው ጎን ሄደች፤ አባቴ ከኋላ፤ እኔ ከሱ ኋላ። ሰው ከየደጁ ወጥቶ ያያል። በሬሳ ሳጥን አካሄድ ነበር የምንሄደው፤ እኔ ግን ኮራሁ፤ በመንገዳችን ላይ እንዲህ ያለ በር የገዛ ማንም አልነበረም። ጣውላ ነጋዴው በማግስቱ አናጺውን ያለ ክፍያ ላከልን። መጋረጃው ወርዶ፣ ኮሪደራችን ጫፍ ላይ ጣሪያውን ሊነካ ምንም ያልቀረው ትልቅ የመንገድ በር ተገተረ። ከኋላው ያለው ቦታ አንድ አልጋና አንድ የስፌት መኪና የሚችል ነው።

እትዬ እዚያ ውስጥ እስክትሞት ኖረች። ስትወጣ ትቆልፈዋለች፤ ስትገባ ከውስጥ ትቀረቅረዋለች። እናቴና እኔ ገፋ አድርገን ብንገባ ምንም አትልም። አባቴ ግን በገዛ ቤቱ፣ ያንን በር ሳያንኳኳ አልፎት አያውቅም። ያኔ ለንግድ ቤቶች ደረሰኝ የሚያትም ትንሽ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር። ከሥራ መልስ ዳቦ ወይም ክር ይዞላት ይመጣና ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል።

«ማነው?» ትላለች። እርምጃውን ድክድክ ከሚልበት ጀምሮ የምታውቅ ሴት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔ ማን?»

«ወንድምሽ።»

እኔ ጨዋታ የያዙ መስሎኝ ከጓዳ ሆኜ እስቅ ነበር። አንዳንድ ቀን ትከፍትለታለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ተኝቻለሁ» ትለዋለች፤ የስፌት መኪናዋ ሳያቋርጥ እየሠራ፣ ድምፁ ቤቱን ሁሉ ሞልቶት። አባቴ ያመጣውን ደፉ ላይ ያስቀምጣል። ፀሐይ ገና በመስኮት እየገባች፣ «እሺ፣ ደህና እደሪ» ብሎ ይመለሳል።